ቀንደ ሰባራው በሬያችን

በእኛ አገር ያለ ጉዳይ መንገድ አይኬድም። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚያወጣው የእግር መንገድ ላይ ባዶ እጅህን ከታየህ፣ ከብት ካልነዳህ፣ ለቅሶ ካልደረስክ፣ ከገበያ ካልተመለስክ፣ ያገኘህ ሁሉ አስቁሞ “ምን ጠፍቶህ ነው?” ይልሃል። “እንዲያው ለመናፈስ ነው” ካልከው ከልቡ ያዝንልሃል። ከተማ ውስጥ አየር አልቆባችሁ እዚህ ድረስ ልትለምኑ የመጣችሁ ይመስለዋል።

እኔና ጓደኛዬ ይህን ጥያቄ ለአሥራ አንድ ዓመት በየእሁዱ ተጠይቀናል። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ፀጉር አስተካካይ። ሱቆቻችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ ግድግዳው ከቅጥነቱ የተነሣ እሱ ዘንድ መርፌ ሲወድቅ እኔ ዘንድ ደንበኛ ይደነግጣል። እሁድ እኔ ከቅዳሴ ስመለስ እሱ ቆሎውን በኪሱ ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሙስሊም ነውና “ቅዳሴው ዛሬ ረዘመ፣ ኃጢአትህ በዛ መሰል” እያለ ነው የሚቀበለኝ። ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል፣ በገብሱ ማሳ ዳር አድርገን እንወጣለን። አንዲት ድንጋይ አለችን፤ እሷ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ጉና ጭጋጉን እስኪያወልቅ እንጠብቃለን። ካወለቀ እናየዋለን፤ ካላወለቀም አየነው ብለን እንመለሳለን። ሌላ ምንም አናደርግም። ለዚህ “ምንም” ስል ስድስቱን ቀን የሰው ጭንቅላት ስላጭ እከርማለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስቁሞን ምን ጠፍቷችሁ ነው ሲል፣ ጓደኛዬ “ምንም” ሊል አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

“በሬ” አልኩ። “ቀይ፣ የቀኝ ቀንዱ የተሰበረ።”

ሰውየው ከልቡ አዘነ፤ ሲያይ እንደሚያስቀምጥልን ምሎ ሄደ። ጓደኛዬ ጆሮው ቀልቶ እንደማያውቀኝ ሰው ሃያ እርምጃ ቀድሞኝ ነጎደ። ውሸት አይሆንለትም፤ የደንበኛ ልብስ ለማክሰኞ ይደርሳል ካለ በሰኞ ያደርሳል። “ጀሀነም ስትገባ አብሮኝ ነበር እንዳትል” አለኝ ስደርስበት።

እኔ ደግሞ የተያያዝኩትን ነገር አሳንሼ አላውቅም። በሁለተኛው ዓመት በሬውን ግንባሩ ላይ ነጭ አውጥቼ ቦቃ አደረግሁት። በአራተኛው ዓመት የኋላ እግሩን አሳነከስኩት። በሰባተኛው ዓመት የቤተ ክርስቲያን ቃጭል ሲሰማ ቆም ብሎ ጆሮውን የሚያቆም መንፈሳዊ በሬ ሆነ። አገሩ ሁሉ ይፈልግልን ጀመር። ገሳይ ገበያ ላይ የሚመስለው ታይቷል ብሎ ሊነግረኝ ሱቄ ድረስ የመጣ ሰው አለ፤ ፀጉሩን በነፃ ቆርጬ ሸኘሁት። ጓደኛዬ በግድግዳው በኩል ሁሉን ሰምቶ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሳያቋርጥ “አስተግፊሩላህ” ሲል ይሰማኛል። በኋላ በኋላ ግን፣ ገበሬ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ እሱ ራሱ በክርኑ ጎሸም እያደረገ “ና፣ በሬህን ሊጠይቁህ ነው” ይለኝ ነበር። ሳቁን ቆሎ እንደያዘ ሰው ጉንጩ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው በገና ያጠፋሁት።

የገና ጨዋታ በእኛ ከተማ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር መሐል ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ ወደ ባላጋራ ዳር ማሻገር ነው ጨዋታው። ሜዳው ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ዕድሜም አይጠየቅም። ጓደኛዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የላይ ሰፈር ሯጭ ነው፤ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶትም ያንን ረጅም እግሩን ሲዘረጋ ሜዳው ያጥርበታል። እኔ የታች ሰፈር ነኝ፤ መሮጡን ትቼዋለሁ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ስለሚደርስ ዳኛ ያምታታል። የእኔ ሥራ ስድብ ነው። ያሸነፈ ሰፈር የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ባለሥልጣን ይሁን ሽማግሌ፣ ዱላ ይዞ ሜዳ ከገባ ይሰደባል፤ የተሰደበም አይቀየምም። የታች ሰፈር ሰዳቢ እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ጭንቅላታቸውን ስይዝ ማን ምን እንዳለው አጠናለሁ።

የጓደኛዬንም ይዣለሁ። በጥቅምት አንገቱ ሥር ያለችው ጉድጓድ ጥልቅ ሆና ምላጬ ሲገባባት ተሰምቶኝ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ኮሌታው ውስጥ አንገቱ እንደ ዘነዘና ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አይቼ ምን አደረግሁ? ለገና አስቀመጥኩት።

የዘንድሮን ገና አሸነፍን። ሰዉ ክብ ሠራ፤ ገባሁ። አንዱን በስስቱ፣ አንዱን በሚስቱ ቁጣ፣ አንዱን በአዲስ ጥርሱ ከሰደብኩ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ዱላውን ተደግፎ ያለከልካል። በግራ እጁ ሱሪውን ይዟል። አሁን ሳስበው ጨዋታውን ሁሉ በአንድ እጁ ነበር የተጫወተው። እንዲህ አልኩ፦

ሱሪው ሲሮጥ አየሁ ሜዳ እያቋረጠ፤
ባለቤቱስ የታል? ከየት አመለጠ?

ሜዳው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እኔ ስነግራችሁ ጉና ላይ ድንጋይ ተንከባሏል። አብረው የተሸነፉት የላይ ሰፈር ሰዎች እንኳ ተንበርክከው ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ሱሪውን ወደ ታች ተመለከተ፣ በሲባጎ የታሰረችውን ወገቡን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ። ከዚያ ዱላውን ሣሩ ላይ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ቀስ ብሎ አጋድሞ ሄደ። እኔ ለሽንት የሄደ መስሎኝ ቀጣዩን ሰው መስደብ ጀመርኩ።

በማግሥቱ በግድግዳው በኩል ምንም አልተሰማም። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን ሚስቱ ሱቄ መጣች። ጨርቅ አንገቱ ላይ ያሰርኩለት ደንበኛ ነበረኝ፤ ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቼለት ነገ እንዲመጣ ነገርኩት፤ ፊቷን ስላየ ሳይከራከር ኮፍያ አጥልቆ ወጣ።

የነገረችኝ ይህ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የሚበላው አይረጋለትም። በኅዳር ብቻውን ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ነገር ባሕር ዳር ሄዶ መታየትና ምናልባትም መቀደድ እንዳለበት ነግረውታል። ለማንም አልተናገረም። በታኅሣሥ የነበረው ቀጠሮ መንገዱ ተዘግቶ አለፈ። አሁን ሌላ ቀጠሮ አለው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚመጣው ማክሰኞ። ሐኪሙ ይህኛው እንዳያልፍ ብሎ አስጠንቅቋል። እሱ ግን አልሄድም ብሏል። ከገና ወዲህ እግሩ ሱሪ ውስጥ አልገባም፤ ሽርጡን አገልድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ለምን ስትለው “ታየሁ” ብቻ ነው የሚላት።

“አንተ ነህ ያስገባኸው” አለችኝ። “አንተው አውጣው።”

እግዜር ያሳያችሁ። እኔ ለቀልድ እንጂ ለይቅርታ አፍ አልተፈጠረልኝም። በዚያው ቀን ቤቱ ሄድኩ፤ ተኝቷል ተባልኩ። በማግሥቱ ሄድኩ፤ ተኝቷል። ሰው እንዲህ ከተኛማ አልጋው ላይ ሥር ባወጣ ነበር። ሽማግሌ ልላክ ብዬ የንስሐ አባቴንና ከመስጊዱ አጠገብ ሱቅ ያላቸውን አንድ አዛውንት ይዤ ተቀመጥኩ። በደልኩት አልኳቸው። ምን አልከው ሲሉኝ ግጥሙን አልኩላቸው፤ ሁለቱም ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ አዛውንቱ የት ነው ያልከው ብለው ጠየቁ። ገና ሜዳ ላይ። ዱላ ይዞ ነበር? ይዞ ነበር። እንግዲያው ምን ልናስታርቅ ነው አሉ ተያይተው። የገና ስድብ በደል አይደለም፤ በደል ከሌለ ይቅርታ የለም፤ ይቅርታ ከሌለ ሽምግልና የለም። እንዲህ ያለ ነገር ይዘን ብንሄድ ሰውየውን በገና ስድብ የተቀየመ አሰኝተን ስሙን እናጠፋበታለን አሉኝ፤ ያ ደግሞ ከስድቡ ይብሳል። ልክ ነበሩ። ሰው ገድዬ ብመጣ ደም አድርቀው ያስታርቁኝ ነበር፤ ለዚህ ግን መንገድ የለም። ተንበርክኬ ለመንኳቸው፤ የንስሐ አባቴ እንደ ሌላ ጊዜው የምቀልድ መስሏቸው “ተነሥ አንተ ቧልተኛ” ብለው ትከሻዬን መቱኝ።

አንድ ሳምንት ሄደ። ሁለት ሄደ። ሐኪም ቤቱ በአካል ካልመጣ አይሆንም ብሏል እንጂ እኔ ሆዴን ይዤ በእሱ ስም ልሄድ አስቤ ነበር፤ ሆድስ ሞልቶኛል። መስኮቱ ሥር ቆሜ ስለ ደንበኞቼ እነግረዋለሁ፤ አይመልስም። ሚስቱ በሩን በከፈተች ቁጥር ዓይኗ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ ሌባ መሬት መሬት አያለሁ። ሱቄ ውስጥ ሰው በቀለደ ቁጥር ምላጬ ይስት ጀመር፤ በዚያ ሰሞን የሁለት ሰው ጆሮ ደምቷል።

ከማክሰኞው በፊት የነበረው እሁድ ቅዳሴ ተጠናቆ ስወጣ የምሄድበት አጣሁ። እግሬ ለምዶበት ወደ ጋፋት ወሰደኝ። ብቻዬን ያንን መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ድንጋይዋ ላይ ተቀመጥኩ። ጉና ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። ከታች ገብስ የሚወቃበት አውድማ ይታያል። ከዚያ አንድ ሰው እጁን እያወዛወዘ ሽቅብ ሲመጣ አየሁ። ያ የመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌ ነው።

“እናንተ ሰዎች ጠፋችሁ” አለኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። “በሬያችሁ ተገኝቷል።”

መጀመሪያ የመሰለኝ፣ እግዜር ሊፈርድብኝ የወረደ መሆኑ ነው። ሰውየው ግን አልቀለደም። ስምንት ቀን ሆኖታል፤ አንድ ጠዋት ከገለባው ክምር አጠገብ ቆሞ አገኘው። ቀይ፣ ቦቃ፣ የቀኝ ቀንዱ ከሥሩ የተሰበረ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስነግሯል፤ አገሩ በሙሉ በአንድ ቃል የከተሞቹ ሰዎች በሬ ነው ብሎ መስክሯል፤ ስለዚህ ሌላ ባለቤት አልተፈለገም። “ጓደኛህስ?” ሲለኝ ታሟል አልኩት። “ንገረው፣ ይሻለዋል” አለ።

ቁልቁል ሮጥኩ። ሆዴን እዚያው ትቼው ቢሆን ነው እንጂ እንዲያ አልሮጥም። መስኮቱ ሥር ደርሼ በሁለት እጄ ግድግዳውን ያዝኩ።

“በሬው ተገኘ” አልኩ።

መስኮቱን በጣቴ አንኳኳሁ።

“ቀንደ ሰባራው። ሽማግሌው አስሮ ይጠብቀናል። ገለባ እየበላ ነው።”

ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ከሃያ ቀን ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ “እግሩስ?” አለ።

“አላየሁትም። ያነክሳል መሰለኝ።”

በሽርጡ ላይ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባጃጅ እስከምትገባበት በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር ነው። አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል። እንዳያፍር ብዬ በቆመ ቁጥር ጎንበስ እያልኩ የጫማዬን ክር አስራለሁ። አሥራ አራት ጊዜ አሰርኩ። ጫማዬ ክር የለውም፤ እሱም ያውቃል።

በሬው ግቢው ውስጥ ታስሮ ነበር። በቁሙ አየሁት፤ እኔው በአፌ የፈጠርኩት፣ አፍንጫው እርጥብ፣ ጅራቱ ዝንብ የሚያባርር። ሽማግሌው ቀንዱን ይዞ አሳየን። “ይኸው እንዳላችሁት ነው። ትንሽም ያነክሳል። ቃጭሉን ግን ሞክሬዋለሁ፣ ጆሮውን አላቆመም፤ እርጅና ይሆናል።” ሁለት ቀን አውድማ ላይ ስላዋለው ደግሞ ይቅርታ ጠየቀን። ይቅርታ፣ እኛን።

የእኛ ነው ካልኩ የሰው በሬ ሰረቅሁ። አይደለም ካልኩ፣ ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ስንወጣና ስንወርድ የሌለ በሬ እንዳስፈለግነው ልነግረው ነው። ያን ጊዜ ያ ውሸት የማይሆንለት ጓደኛዬ አጥሩን ተደግፎ ተናገረ።

“አባቴ፣ አላህ ይስጥልን፣ ደክመውልናል። ይህ ግን የእኛ አይደለም። የእኛ ሞቷል።”

“ኧረ በሞቴ። መቼ?”

“በገና ዕለት።”

“ምን አገኘው?”

ጓደኛዬ ወደ እኔ አላየም። “ከሳ” አለ። “ከሳና ሞተ።”

ሽማግሌው ነጠላውን ከትከሻው አወረደ። እግዜር ይተካላችሁ አለን። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ እንባዬ ከሳቄ በልጦ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ግቢው ውስጥ ውኃ ልማት ይቋቋም ነበር። “አልቅስ ልጄ፣ በሬ የቤት ሰው ነው” እያለ ጀርባዬን ዳበሰኝ። ለጓደኛዬ እርጎ አስመጣለት፤ እሱም ሦስት ጊዜ ተጎነጨ፣ ረጋለት። ከዚያ ጓደኛዬ ሽማግሌውን፣ ባለቤቱ እንዲገኝ ስለ በሬው ገሳይ ገበያ ላይ እንዲያስነግር መከረው። በኋላ እንደሰማሁት ባለቤቱ ተገኝቷል።

ስንመለስ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጥን። ይቅር በለኝ አልኩት።

“ለምኑ? የገና ስድብ ይቅርታ የለውም።”

“ሽማግሌዎቹም እንደዚያ አሉኝ።”

“ልክ ናቸው።” ቆሎ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነበር። “ግጥሙ ጥሩ ነበር። ተኝቼ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ የሰፋበትን ሱሪ ወደ እኔ ነው የሚያመጣው። ያንን ሱሪ ከመስከረም ጀምሮ አውቀዋለሁ። ላጠብበው እያነሣሁ አስቀምጠዋለሁ። ካጠበብኩት…” አልጨረሰውም።

ማክሰኞ አብረን እንሂድ አልኩት። መንገዱ ክፍት ነው ወይ አለኝ። ክፍት ነው አልኩ። እውነትህን ነው ሲለኝ ፊቱን አየሁና አላውቅም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ደግፈኝ አለኝና ተነሣ።

ቤቱ ሳይሆን ሱቁ ወሰደኝ። አቧራውን በእጁ ጠርጎ ሚስቱ መልሳ ያስቀመጠችለትን ያንን ሱሪ ከመሳቢያ አወጣ፤ ሜትሩን ከግድግዳው ሚስማር ላይ አውርዶ ሰጠኝ። እኔ የሰው ወገብ ለክቼ አላውቅም፤ እጄ የሚያውቀው ከአንገት በላይ ነው። አዞርኩበት። ሜትሩ ሄደ፣ ሄደ፣ የሚቆምበት አጣ።

“ስንት ነው?”

አራት ጣት ጨምሬ ነገርኩት።

“ዋሸህ። እንደገና ለካ።”

ለካሁ። ያለውን ነገርኩት። በሕይወቴ ሳልጨምርበት የተናገርኩት ቁጥር እሱ ነው፤ እዚህም አልጽፈውም። ጠመኔውን አንሥቶ ሱሪው ላይ አሰመረና መኪናው ላይ ተቀመጠ።

ማክሰኞ መንገዱ ተከፈተ፤ ሄድን፤ ቀደዱት። የተገኘው ሁሉ አልወጣም አሉን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እንመላለሳለን፤ መንገዱ አንዳንዴ እየተዘጋ፣ እኛም መናኸሪያ ቆመን እየዋልን። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ይጠራኛል፣ እለካዋለሁ፣ ያለውን እነግረዋለሁ፣ ሱሪውን ያጠብበዋል። ሱሪው ውስጥ አሁን ሦስት መስመር ስፌት አለ። እሁድ እሁድ ብቻዬን እወጣለሁ፤ ገበሬዎቹ ምን ጠፍቶህ ነው አይሉኝም፤ እግዜር ይተካ ብለውኝ ያልፋሉ።

ባለፈው ሳምንት ስለካው ሜትሩ ከወትሮው ቀድሞ ቆመ። ደግሜ አየሁት። አንድ ጣት ጨምሯል። ነገርኩት።

“ዋሸህ” አለኝ።

አልዋሸሁም አልኩት። ማልኩለት። እንደገና ለካ አለ፤ ለካሁ፤ ያው ነው። እንደገና። አያምነኝም፤ አሥራ አንድ ዓመት በሬ ሳሰማምር አብሮኝ የነበረ ሰው ለምን ይመነኝ? በመጨረሻ ሚስቱን ጠራት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጥታ ሜትሩን ከእጄ ተቀበለች፣ አዞረችበት፣ መስኮቱ ብርሃን ላይ አስጠግታ አነበበች። እኔ ያልኩትን አለች።

“ለአንድ ጣት ብሎ ሱሪ የሚተረትር ሰፊ የለም” አለ ጓደኛዬ። ጠመኔውን ወደ መሳቢያው መለሰ። የሚተረትርበትን መቀስ ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው።